ንጉሥ ሊርና የውክልናው ወረቀት

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያነበብሁትን የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ኋላ ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ ሁሉም በአንድ ቃል ሁለቱን ታላላቅ ሴቶች ልጆች ይረግሙ ነበር። እርግማኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ቴያትሩን የልጆች ክፋት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ግማሹን ሳያነበው ቀርቷል ብዬ እከራከራለሁ።

ሊር መንግሥቱን ሲያካፍል ለራሱ የንጉሥነት ስምና አንድ መቶ ወታደሮች አስቀረ፤ የሰጠውን መልሶ የሚወስድበትን መንገድ ግን አላስቀረም። መቶው ወደ አምሳ፣ አምሳው ወደ ሃያ አምስት ወረደ፤ በመጨረሻም አንድ እንኳ አያስፈልግህም ተባለና በዶፍ ዝናብ በሩ ተዘጋበት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሊር ይልቅ አስተዋይ ነው። ወካዩ ውክልናውን በፈለገው ጊዜ ይሽረዋል፤ ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ ልዩ ውክልና ያሻል፤ ወካዩ ችሎታ ያጣ እንደ ሆነም፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል። ስለ ግቢ በር ግን ውክልና የሚናገረው ነገር የለም።

እዚህ አቦምሳ ለሽምግልና በተቀመጥሁባቸው ጠቦች ነገሩ የሚከረው በሩ ላይ ነው። አባቱን የሚጦረው ልጅ ወረቀቱን እያሳየ፣ ከአዳማ ወይም ከዐረብ አገር የመጣች እኅቱን «አባባ ተኝተዋል» ብሎ ይመልሳታል። ግብር ለመክፈል የተሰጠው ፊርማ የበር ቁልፍ ሆኖ አረፈው። (ዓመት ሙሉ ሲያጥብና ሲያጎርስ የኖረው እርሱ መሆኑንም መርሳት ግፍ ነው።)

ፊርማና ማስታመም ሁለት ነገር መሆናቸውን የቀድሞ መኳንንት ያውቁ ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ታመው ሳሉ፣ እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ ሲያርቋቸው ባለቤታቸውን ከማስታመም አልከለከሏቸውም። ያነሣሣቸው የሥልጣን ነገር እንጂ ርኅራኄ አልነበረም፤ ልዩነቱ ግን ልክ ነው።

ታናሺቱ ኮርዴልያም ከፈረንሳይ ጦር አስከትላ ትመጣለች፤ ጦሩም ይሸነፋል። ከዚያ በፊት ግን አባቷ ከእንቅልፉ ሲነቃ አጠገቡ ነበረች። ስለ ድርሻዋ አንዲት ቃል አታነሣም፤ እስኪያውቃት ትጠብቃለች፤ ሊንበረከክላት ሲል ትከለክለዋለች። ለፈተና ተብለው ተጽፈው ባየኋቸው አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ይህን ትርኢት ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ጦርነቱ ግን በሁሉም አለ።