የበረዶ ጫማና የላብ ነገር

ጥያቄውን ያመጣው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ የሚኖር ወጣት ነው። ያለፈውን የፈረንጆች ክረምት ኡሬይ በምትባለው የኮሎራዶ ከተማ የበረዶ ግድግዳ መውጣት ሲማር ከርሞ፣ አሁን ዓይኑን አላስካ ባለው ባለ 6,190 ሜትሩ ዴናሊ ላይ ጥሏል። «ጋሼ፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጫማ ይንገሩኝ፤ በጣም የሚሞቀውን» አለ። ለከፍተኛ ተራራ የሚሠራ አንድ ጥንድ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ሁለት ላለመግዛት መፈለጉ አያስወቅሰውም። ይህ ጸሐፊ መልሶ ጠየቀው፦ «ማታ የት ነው የምታድረው?»

ልጁ ግራ ተጋባ። ስለ ዲግሪ፣ ስለ ሙሌት ውፍረት ነበር ሊያወራ የመጣው።

ኡሬይ ላይ መልሱ ቀላል ነው። የኡንኮምፓግሬ ወንዝ በሰነጠቀው ጠባብ ሸለቆ አፋፍ ላይ በተዘረጋ ቧንቧ ውኃ እየተረጨ ገደሉ በረዶ ይለብሳል። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ማታ በእግሩ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ ጫማውን ማሞቂያ አጠገብ ያስቀምጥና ጧት ደርቆ ያገኘዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ውስጡ የማይወጣ፣ አንድ አካል የሆነ ጫማ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይሻለዋል። ሶሉ የማይታጠፍ፣ ተረከዝን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ከፊትና ከኋላ ክራምፖን የተባለው ባለ ሹል ብረት የሚነክስበት ጠርዝ ያለው ቀለል ያለ ጫማ ከሆነ ባት ቶሎ አይዝልም፤ የብረቱ ሹል በረዶው ላይ የት እንዳረፈም እግር ያውቀዋል። ዴናሊ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት በድንኳን የሚታደርበት ነው። እዚያ ውስጡ የማይወጣ ጫማ ይዞ የሄደ ሰው፣ ጫማው የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ ጥቂት ሌሊት ካለፈ በኋላ ጧት ጧት እግሩን የሚከተው ግግር ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ላብ ነው። ይህ ጸሐፊ በዚህ ጉዳይ ችክ ይላል እየተባለ ይታማል፤ ይታማ። ጫማ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሥራው እግር ያመነጨውን ሙቀት በሙሌቱ መካከል በታሰረ አየር መያዝ ብቻ ነው። ውኃ ደግሞ ከረጋ አየር ሃያ አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሾልካል፤ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይብስበታል። ሽቅብ ሲወጣ ያላበው እግር እንፋሎቱን ወደ ሙሌቱ ይልካል፤ እንፋሎቱ ወደ ውጨኛው ሽፋን ሲቃረብ ቀዝቅዞ እዚያው ውኃ፣ ከዚያም በረዶ ይሆናል። በማግስቱ ሌላ ላብ ይጨመርበታል። ከፍታው ሲጨምር ሰውነት ራሱ ያድማል። ኤቨረስት ጫፍ ላይ የኦክስጅን ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ብርዱም አየር ማጣቱም ሲደራረቡ ደም ልብንና አንጎልን አስቀድሞ የእግር ጣትን ይረሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ጣት እርጥብ ሙሌት ሲጨመርለት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ በኮንጎ ጫማ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ እየሮጠ ሳለ ምንም አይለውም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እግሩ በላብ ይዋኛል። ብርዱ የሚጀምረው ለሰንደቅ ዓላማ ሲሰለፍ ነው። በረዶ ግድግዳ ሥር ገመድ ይዞ ከላይ ያለውን ጓደኛ ለረጅም ሰዓት መጠበቅም ከዚያ ሰልፍ የተለየ አይደለም።

የዓለማችን ዝነኛው የጫማ ታሪክ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 1953 ማታ ነው። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ከእንግሊዞች ቡድን ጋር ኤቨረስትን ሊወጡ ሄደው 8,500 ሜትር ገደማ ላይ በተተከለች ድንኳን አደሩ። የእንግሊዞቹ ጫማ የዘመኑ እውቀት ተሟጦ የገባበት ነበር፤ የነደፈው ሳትራ የተባለው የጫማ ምርምር ተቋም ነው። ከውጭ ስስ የግልገል ቆዳ፣ ከውስጥ ውኃ የማያሳልፍ ገበር፣ በመካከላቸው ካፖክ ከተባለው የዛፍ ጥጥ የተሠራ ወፍራም ሙሌት። ሶሉም እንደ ድሮው ሚስማር የተመታበት ቆዳ መሆኑ ቀርቶ አየር የቋጠረ ጎማ ሆኗል። ሂላሪ ማታ ጫማውን አወለቀና ከስሊፒንግ ባጉ ውጭ ተወው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ሲያሳይ ጫማው ግግር ሆኖ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ሰውየው ምድጃው ነበልባል ላይ እያገላበጠ፣ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ድንኳኑን እስኪሞላው ድረስ አለሳለሰው። ቴንዚንግ ከስዊሶች ያገኘውን የሬንዲር ቆዳ ጫማ ሳያወልቅ ነበር ያደረው።

ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያወሩት ለመሳቅ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን የሳትራን ሰዎች ያደንቃል፤ ላብ ሙሌቱን እንዳያርስ ከውስጥ መዝጋት እንዳለባቸው ገብቷቸዋልና። የቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ ውስጡን ከውጩ መለየት። ውስጠኛው ክፍል ተመዝዞ ወጥቶ ከሂላሪ ጋር ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ቢያድር ኖሮ ምድጃው ለሻይ ብቻ ይውል ነበር።

ቴንዚንግ ስለ ጫማ የሚያውቀው ከልምድ ነው። በ1952 ከስዊሱ ሬይሞን ላምበርት ጋር ኤቨረስት ላይ 8,600 ሜትር ገደማ ደርሶ ተመልሷል። ላምበርት በ1938 ክረምት አልፕስ ላይ ብርድ የእግር ጣቶቹን ሁሉ ወስዶበት፣ ለጎደለው እግሩ ልክ አጭር ጫማ አሠርቶ መውጣቱን የቀጠለ ሰው ነው። በ1950 ሞሪስ ኤርዞግና ልዊ ላሽናል አናፑርና ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ ላሽናል እግሩ መደንዘዙን አውቆ የላምበርት ዕጣ እንዳይደርሰው ሰግቶ ነበር። ስጋቱ ደረሰ፤ ላሽናል የእግር ጣቶቹን ሁሉ አጣ። የዚያ ዘመን ቆዳ ጫማ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ ተራራው ላይ የሚተፋበት ቦታ የለውም።

የአሜሪካ ጦርም ይህንኑ በደም ነው የገዛው። በ1950 መጨረሻ፣ ኮሪያ ውስጥ ቾሲን ሐይቅ ዙሪያ ወታደሮቹ ከታች ጎማ ከላይ ቆዳ የሆነ ጫማ አድርገው ነበር። ሲጓዙ ያልባቸዋል፣ ሲቆሙ ላቡ ይቀዘቅዛል፤ በሺህ የሚቆጠሩት በብርድ ተጎዱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጫማ ሙሌቱን በሁለት የጎማ ሽፋን መካከል አሽጎታል። ላብ አይገባበትም፤ እግር ቢርስም ሙሌቱ ደረቅ ነው። ነጩ ዓይነት እስከ ከዜሮ በታች 54 ዲግሪ ድረስ የታሰበ ነው፤ ዴናሊን የሚወጡ ብዙ ሰዎችም አድርገውታል። መልኩ የካርቱን ጫማ ነው። ለቀጥ ያለ በረዶ ደግሞ ሶሉ እጅግ ስለሚልም አይረባም።

ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። የኦስትሪያው ኮፍላክና ተከታዮቹ ልጣጩ ውኃ የማይጠጣ፣ ውስጠኛው ጫማ ተመዝዞ የሚወጣ ነገር ሠሩ። ይከብዳል፣ ሲራመዱበት ይንቋቋል፣ ቁርጭምጭሚት ይልጣል፤ ሲያረጅም ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። ይሁንና ይህ ጸሐፊ ስለ ፕላስቲክ ጫማ ክፉ ሲወራ ዝም አይልም፤ ከምሽት እስከ ጧት ደረቅ ሆኖ መቆየትን ለብዙኃኑ ያደረሰው እሱ ነው።

ዛሬ ገበያው የጣሊያኖች ነው። የስካርፓ ፋንተም ስሙ ላይ 6000 እና 8000 የሚል ቁጥር ይለጥፋል፤ የላ ስፖርቲቫ ኦሊምፐስ ሞንስ ደግሞ ስሙን የወሰደው ማርስ ላይ ካለ እሳተ ገሞራ ነው። ጫማዎቹ ድንቅ ናቸው። ችግሩ ገዢው ቁጥሩን አምኖ እግሩን መርሳቱ ነው። 8000 የሚል ጫማ ገዝቶ ሁለት ወፍራም ካልሲ የሚጠቀጥቅበት ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደም የማይደርሰውን ጣት የትኛውም ሙሌት አያሞቀውም። ከፍታ ላይ እግር እንደሚያብጥም ይረሳል። አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ሻጩ ጧት ለመጣ ደንበኛ ልክክ ያለውን ጫማ «ሲቆይ ይሰፋል» እያለ ሲያግባባ ይህ ጸሐፊ አጠገባቸው ነበር። የሻጩ ጨዋነት ያስመሰግነዋል፤ ምክሩ ግን ጣት ያስቆርጣል።

በባትሪ ስለሚሞቀው ሶሌታ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ባትሪ ብርድ አይወድም፤ እግርን ማሞቅም ማላብ ነው።

ይህ ሁሉ የጫማ ወሬ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ይህ ጸሐፊ ተራራ ላይ የሚወደው ሰዓት ጫፍ ላይ የሚደረስበት አይደለም፤ እዚያ ሁሉም ሰው የሚያስበው መውረዱን ነው። የሚወደው ማታ ነው፦ በረዶ ቀልጦ ሻይ እስኪፈላ ውስጠኛውን ጫማ መምዘዝ፣ ሶሌታውን ማውጣት፣ የተለጠፈውን ውርጭ በጥፍር መፋቅ፣ ከዚያ ሁለቱን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከሆድ አጠገብ ማስተኛት። ደብረ ብርሃን ላይ እናቱ የልጆቹን ጫማ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ስትደረድር ለምን ሌላ ሰው እንዲነካባት እንደማትፈልግ የገባው በድንኳን ማደር ከጀመረ በኋላ ነው።

አንድ የገመድ ጓደኛው በዚህ ሁሉ አይስማማም። እሱ እግር መተንፈስ አለበት ባይ ነው፤ ስስ ካልሲ፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ ገበር፣ ማታ ማድረቅ፣ በቃ። ይህ ጸሐፊ ደግሞ በስሱና በወፍራሙ ካልሲ መካከል እንፋሎት የማያሳልፍ ከረጢት ያጠልቃል፤ እግሩ ቀኑን ሙሉ በላቡ ተነክሮ፣ ማታ ነጭ ሆኖና ተጨማዶ ይወጣል፤ ሽታውን ጓደኛው ሊገልጸው አይሻም። ሁለቱ 6,961 ሜትር በሚረዝመው አኮንካጓ ላይ በአንድ ድንኳን ሲያድሩ ክርክሩ ከእራት እስከ እንቅልፍ ነበር። ጓደኛው እርጥብ ጫማውን ታቅፎ ተኛ፤ የጸሐፊው ደረቅ ስለነበር ከራስጌው አስቀመጠው። የሁለቱም ጣቶች በደህና ወረዱ፤ እያንዳንዳቸውም ይህንን የራሳቸው ዘዴ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።