መምህሩን የማይመስል ተማሪ

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ፓቪሊዮን ስትከፍት፣ በፓላዞ ቦላኒ የታዩት የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ነበሩ። በሸራዎቹ ላይ ስላሉት የተጠላለፉ የሰው አካላት ሲጻፍ የጀርመን አዲስ ኤክስፕረሽኒዝም ስም ቶሎ ይነሣል። ሠዓሊው ሽቱትጋርት ተምሯልና ስሕተት አይደለም። እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው የዘር ሐረግ ነው። ተስፋዬን በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ታደሰ መስፍን ነው፤ ታደሰ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሪ ነበር።

የሦስቱን ሥራ ጎን ለጎን አቁመን መመሳሰል ብንፈልግ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀርመን ተመልሶ ያሳየው ረቂቅ ሥዕል የኢትዮጵያዊነት ጥያቄ አስነሥቶበት ነበር። ታደሰ ከእሱ ተምሮ፣ ኋላም ሌኒንግራድ ዘልቆ፣ ወደ ሰው ምስል ዞረ። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ የጉልት ቸርቻሪ ሴቶች እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ላይ ላዩን መምህሩን የካደ ይመስላል። ከሴቶቹ ኋላ ያለውን ስፍራ ልብ ላለ ግን ገበያው ወደ ቀለም ንጣፍ ሟሙቷል፤ ረቂቁ ሥዕል እዚያ አድፍጧል። በተስፋዬ ሸራ ላይ ደግሞ ያ የቆመ አካል ይታጠፋል፣ ከሌላው ጋር ይተበተባል፤ ግዝፈቱ ግን አልለቀቀውም። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ሠዓሊዎቹ ላይስማሙበት ይችላሉ።

ከዚህ ተነሥቼ የምሟገተው ተማሪ ከዐውደ ርእይ ይዞ ስለሚወጣው ነገር ነው። ብዙው ይዞ የሚወጣው መልክ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በአለ ትምህርት ቤት ያስተማረው ከ1966 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ቢሆንም፣ የእሱን ክንፎችና ምልክቶች የሚደግም ሸራ ዛሬም አይጠፋም። የሚገርመው እስክንድር ራሱ እንዲህ አላደረገም። ፓሪስ ሳለ የኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራ በብርቱ ነክቶታል። ላም የካሪቢያንን የአፍሮ ኩባ እምነት ወደ ዘመናዊ ሥዕል አግብቷል፤ እስክንድርም የራሱን አገር የጥልሰም ጥቅልል ፈለገ። የወሰደው የላምን ውሳኔ ነው፤ በላም ሸራ ላይ ያሉትን ጭራቆች ለራሱ ለላም ተወለት።

መልክን ከመውሰድ ውሳኔን መውሰድ እንዴት እንደሚለይ ለማየት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከዚያው ትምህርት ቤት የተመረቀው ኤልያስ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ሽቦ ጎንጉኖ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረድራል። ሽቦ መርካቶ ሞልቷል፤ ገዝቶ መለጠፍም አይከብድም፤ እንዲህ ያለ የተማሪ ሥራ ሲቀርብ ግን ቁሱ ብቻ ይቀራል። ከኤልያስ መማር የሚሻ ሰው ለአንዲት ጋት ስፍራ ስንት ጉንጉን እንደ ዋለ ይቁጠር፣ የቀለሙ ሽግግር የት ላይ እንደሚሰበር ይፈልግ፤ ከዚያ ወደ ራሱ ሰፈር ሄዶ ሌላ ቁስ ይምረጥ። እንዲህ ያለው ቆጠራና ፍለጋ ደግሞ በስልክ ፎቶ አይሆንም። ፎቶው ሽቦውን ያለሰልሰዋል፤ ሸካራነቱንና ጥላውን ይበላዋል። ስልክ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ቬኒስ መሄድ ለማይችል ተማሪ ብቸኛው መስኮት እሱ ነው። አዲስ አበባ ላለው ግን ሥራ በአካል የሚታይባቸው መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የታክሲ መንገድ ናቸው።

የሥዕል መምህራን የጉብኝት ሪፖርት በቃላት ብቻ መቀበላችሁን ተዉ፤ በሥራው ፊት ተቀምጦ በእርሳስ የተነደፈ አንድ ገጽ ጠይቁ። የጋለሪ ባለቤቶችም የመክፈቻው ምሽት እንግዶች ከተበተኑ በኋላ በሥራ ቀን ጠዋት በሩን ለተማሪ ክፈቱ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቢነድፍ አትከልክሉት።