ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ ከደቻቱ ደወለና «ጋሼ፣ ማታ ናና አንድ ነገር ላሳይህ» አለኝ። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም ስለማንጨነቅ «ናና» ያለኝን በክፉ አትዩበት። ሚስት አጭቶ ይሆናል ብዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩና ከከዚራ ወደ ወንዙ ዳር ወረድኩ። በር ላይ የተቀበለችኝ ግን ሙሽራ ሳትሆን ካርቶን ናት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያያት ሆን ተብላ የተቀመጠች ባዶ ካርቶን።

ሳሎን ገባሁ። ቡፌው ላይ የነበሩት ብርጭቆዎችና የሠርግ ፎቶዎች ወርደዋል። በምትካቸው አምስት ጥቋቁር ስፒከሮች እንደ ሰልፈኛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከቡፌው ሥር ደግሞ ዱካ የሚያህል ሣጥን ተጎልቷል። ልጁ ሆም ቲያትር ገዝቷል።

«ዋቱን ገምት እስቲ!» አለኝ። ዋጋውን አይደለም፣ ዋቱን። አፌን ሳልከፍት «አንድ ሺህ!» ብሎ ራሱ መለሰው። ከዚያም ከፈተው።

ምን እንደሰማሁ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው። መኪና ይገለበጣል፣ ቦምብ ይፈነዳል፣ የመስኮቱ መስታወት ይንዘረዘራል። ሰዎቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ፤ ምን እንደሚባባሉ ግን አንድዬ ይወቅ። በዚህ መሐል እህቴ ከጓዳ ወጣች። ባዶ እግሯን ናት። እኔንም ልጇንም አላየችንም። በሩን ከፈተችና ወደ ወንዙ አቅጣጫ አንገቷን አስግጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተመለሰችና «ውሃው መስሎኝ ነው» አለች።

ልጁ ሳቀ። «ፊልም ነው እኮ እማዬ!»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ደቻቱን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ደቻቱ የሰፈርም የወንዝም ስም ነው። ወንዝ ስላችሁ ታዲያ ውሃ እንዳታስቡ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ይኸው አሸዋ ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ የዘነበው ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰው በተኛበት ጎርፉ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ።

እህቴ ያን ሌሊት የተረፈችው ስለሰማች ነው። የቀሰቀሳት የሰው ጩኸት አልነበረም። ከጩኸቱ በፊት ከመሬት ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ነው። የሦስት ዓመት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከፍታው ሮጠች። ዛሬ ሆም ቲያትር የሚያሳየኝ ይኸው በጀርባዋ ያወጣችው ልጅ ነው። እሱ ከዚያ ሌሊት አንድም ነገር አያስታውስም፤ ተኝቶ ነበር። ለዚህ ነው የሳቀው፤ አልፈርድበትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል ያገሬ ሰው፤ ደቻቱ ግን አያሳስቅም። አስቀድሞ ያጉረመርማል። ለሰማው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ላልሰማው ምንም አይሰጠውም።

እንግዲህ ሒሴ ከዚህ ይነሣል። ይሄ ዕቃ የሰው ድምፅ የማያሰማ፣ የወንዝ ድምፅ ደግሞ የሚሸፍን ከሆነ፣ ገንዘብ የከፈልነው ለምኑ ነው?

የድሬ ሰው ለአዲስ ዕቃ ባዕድ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ፣ በ1895 ዓ.ም. ነው የተቆረቆረችው። ታይዋን የሚል ስም የወጣለት ገበያ ያላት ከተማ ናት። ታዲያ ዕቃ ማየት የለመደ ዓይን ዕቃ መስማት የለመደ ጆሮ አልሰጠንም። የእህቴ ልጅ እንዴት እንደመረጠ ጠየቅሁት። አንድ ሱቅ ገባ። ሻጩ ፍላሽ ሰካ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው፣ የፍንዳታ ትዕይንት አሳየው። ደረቱን ሲመታው ገዛ። አለቀ። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ያሳየውም የለም፣ እሱም አሳየኝ አላለም። ሐብሐብ እንኳ ስንገዛ መታ መታ አድርገን፣ ጆሯችንን ጣል አድርገን አይደለም እንዴ?

ያንን አንድ ሺህ ዋት ደግሞ እንየው። ሣጥኑን አዞርኩና ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን አነበብኩለት። ከኤሌክትሪክ የሚወስደው 90 ዋት ነው ትላለች። 90 የሚበላ ዕቃ አንድ ሺህ ከየት አምጥቶ ያወጣል? ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፤ ለቅጽበት ይደረስበታል ተብሎ የሚነገር፣ ወጥ መለኪያ የሌለው የሻጭ ቁጥር። ገዢ መጠየቅ ያለበት አርኤምኤስ የሚባለውን፣ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። ለመካከለኛ ሳሎን በአንድ ስፒከር ከ20 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ይበቃል። ደግሞም ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ 50 እና 60 ዋት መካከል ብር ማፍሰስ ትርፉ ለካርቶኗ ነው።

ከዋቱ የባሰብኝ ግን አሰላለፉ ነው። አምስቱ ስፒከሮች አምስት የተለያየ ሥራ አላቸው። ማኅሌት ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ መሪጌታው ይመራል። የፊት ቀኝና የፊት ግራ ስፒከሮችም እንደዚያው ናቸው። የመሐሉ መሪጌታው ነው፤ የፊልሙ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው በሱ ነው። ሁለቱ የጎን ስፒከሮች ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ የገበያውን ሁካታ ያመጣሉ። ሣጥኗ፣ ሰብዉፈር የምትባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ታወጣለች። አምስቱን ቡፌ ላይ መደርደር ታዲያ ቀኝ ጌታውንም ግራ ጌታውንም ሕዝቡንም አንድ ዱካ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። የኛ መሪጌታ ደግሞ ከፕላስቲክ አበባው ኋላ ተደብቋል!

«ስፒከሩ ግን ዙሪያውን የሚሆነው ለምንድን ነው?» አለኝ ልጁ። ደግ ጥያቄ ነው። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1979 እ.ኤ.አ. «አፖካሊፕስ ናው»ን ሲያወጣ የሄሊኮፕተር ድምፅ በአዳራሹ ዙሪያ እንዲዞር ተደርጎ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ወታደር ሆቴል ክፍል ውስጥ ተጋድሟል፤ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል። ሄሊኮፕተሩና ቬንትሌተሩ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ይቀላቀላሉ። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር ሥር ተጋድሞ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያሻውም። የዙሪያ ድምፅ የተፈለገው ተመልካቹን ለማደንቆር ሳይሆን ከሰውየው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለማስገባት ነው።

ይሄንንም ቢሆን ያለ አምስት ስፒከር ያደረገ ሰው እናውቃለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን የነበረን አንድ ስፒከር ነው፤ እሱም መዳፍ የማታህል፣ አንዳንዴም ባትሪዋ የደከመ። ግን አንድም ቃል አላመለጠንም። እህቴም ድስቷን ጥዳ ስትሰማ ከነበሩት አንዷ ናት። ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ የወጋየሁ ድምፅ ትዝ ይለኛል የሚል ተማሪ አጥቼ አላውቅም። ቲያትር ማለት መጀመሪያ ሰው ለሰው ሲናገር ነው። ቃል የማይሰማበት ቲያትር የቤትም ይሁን የአዳራሽ ምን ይባላል?

ወቅሼ ብቻ እንዳልሄድ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልን። ሁለቱን የፊት ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ በጆሮ ከፍታ፣ ከመቀመጫችን እኩል አራቅናቸው። መሪጌታውን ከአበባው ኋላ አውጥተን ቴሌቪዥኑ ሥር ፊቱን ወደ እኛ አዞርነው። የኋላዎቹ አስቸገሩን። የድሬ መጅሊስ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚዘረጋው፤ ከኋላው ቦታ የለም። ስለዚህ በጎንና በጎን ግድግዳ ላይ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርገን ሰቀልናቸው። ይሠራሉ።

ገመዶቹን ስናይ የአንዱ ቀይና ጥቁር ተገለባብጠዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሟሽሻል፣ ሰውየው ከየት እንደሚናገር አይታወቅም። ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር፤ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር እንኳ ወደ ጎረቤቷ እንዳትነካ። ከቴሌቪዥኑ የሚመጡት ደግሞ ቀይና ነጭ ገመዶች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቻናል ብቻ ያሳልፋሉ፤ የቀረውን መሣሪያው በግምት ይሞላል። አምስቱ ለየብቻ እንዲደርሱ ኤችዲኤምአይ (ኤአርሲ የሚል በተጻፈበት ቀዳዳ) ወይም ኦፕቲካል ገመድ ያስፈልጋል። የቴሌቪዥኑ የድምፅ ምርጫም ፒሲኤም ላይ ከሆነ ወደ ቢትስትሪም ይዞር፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች በፒሲኤም የሚሰጡት ሁለት ቻናል ነው። «ሙዚቃው ሲጮህ ንግግሩ አይሰማም» እያላችሁ ሪሞት ስታነሡ ስትጥሉ የምታመሹ ሁሉ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የቀረችው ሣጥኗ ናት። ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ግድግዳ ጥግ ላይ ነበረች። ጥግ ወፍራም ድምፅን ያገንናል። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የብሎኬት ግድግዳ አያስቆመውም። ንግግሩ እዚህ ይቀራል፣ ዜማው እዚህ ይቀራል፣ ጎረቤት የሚደርሰው ዱም ዱሙ ብቻ ነው። እናንተ ፊልም ታያላችሁ፣ እሱ ሲወቀጥ ያድራል። በማግስቱ ስለ እናንተ የሚለውንም አትሰሙትም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሣጥኗን ከጥጉ አውጥተን መጠኗን ከግማሽ በታች አወረድነው፤ የመሪጌታውን ትንሽ ከፍ አደረግን።

መልሰን ስንከፍተው ሰዎቹ ይነጋገራሉ። ልጁ ያንኑ ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው ነው። «አቦ! ለካ ወንድሙ ኖሯል የከዳው!» አለ።

ከዚያ ሁሉን ዘጋንና ሁለቱን የፊት ስፒከሮች ብቻ አስቀርተን አሊ ቢራን ከፈትንለት። የድሮ ዘፈኖቻችን የተቀረጹት በአንድ ወይም በሁለት መስመር ነው፤ በአምስት ሲበትኗቸው ይቀጥናሉ። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው የድሬ ልጅ ድምፅ ከነኡዱ መሐል ሳሎን ላይ ቆመ። እህቴ ከጓዳ ወጣች። አሁን ወደ በሩ አልሄደችም። መጅሊሱ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እስኪያልቅ ሰማች።

ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሥታ «በሐምሌና በነሐሴ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሄ ነገር ከሶኬት ይነቀላል» አለች።

«እማዬ ደግሞ! ወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል እኮ!»

«ግንብ ጆሮ አለው የሚሉት ውሸታቸውን ነው» አለችና ሶኬቱን ራሷ ነቀለችው።

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ መብራቱን አየሁ። ሦስታችንም ዝም ብለን ትንሽ ተቀመጥን። ውጪ ባጃጅ አለፈ፣ ውሻ ጮኸ። ከወንዙ በኩል ምንም የለም። ያን «ምንም የለም» ግን ጥርት አድርገን ሰማነው።