ለሆያ ሆዬ ልጆች

ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ የሚዞሩትን ልጆች ሳይ ደስ ይለኛል። ከዘፈኑ በላይ የምወድላቸው ያለ አዋቂ መውጣታቸውን ነው። ድምፀ መልካሙ ያወርዳል፣ ሌሎቹ በዱላቸው መሬቱን እየደበደቡ ይቀበላሉ፤ ታማኝ የተባለው ደግሞ ሙልሙሉንና ሳንቲሙን ይይዛል። የቱ ግቢ ተናካሽ ውሻ እንዳለ፣ የቱ ቤት ያሉት እማማ ለጋስ እንደሆኑ፣ የትኛው ጋሼ ባዶ እጃቸውን እንደሚሸኟቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሲሰጧቸው ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። ክፍፍሉ ላይ መጨቃጨቃቸው አይቀርም፤ የትንሹ ድርሻ እንዳይበላ የሚከራከርለትም ግን ከመካከላቸው አይጠፋም።

የወላጅ ስጋት ይገባኛል፤ መኪናው በዝቷል፣ ጎረቤትም እንደ ድሮው አይተዋወቅም። ቢሆንም ልጅን ግቢ ውስጥ ቆልፎ ማሳደግ ሰፈሩን ይነጥቀዋል። ሙልሙሉ ዳቦ ቤትም አይጠፋም። የማያውቁትን በር አንኳኩቶ፣ ዘፍኖ፣ ቢባረሩም ወደሚቀጥለው በር መሄድ ግን በገንዘብ አይገኝም።

ነሐሴ 12 ምሽት ልጃችሁ ዱላውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ልውጣ ሲላችሁ ፍቀዱለት። እናንተ ደጅ ለሚመጡትም በሩን ክፈቱላቸው።