ቀለም የሚያደርቅ ሳሙና

በር ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም እንደ ታጠበ ልብስ አይደርቅም። ቲነሩ በጥቂት ሰዓት ተኖ ያልቃል። የቀረው ዘይታማ ሙጫ ግን ከአየር ኦክስጅን ስቦ እርስ በርሱ እስኪተሳሰር ድረስ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ብቻውን ቢተው ቀናት ይፈጅበታል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥሩልን በነጭ ስፒሪት የሟሙ የብረታ ብረት ሳሙናዎች ናቸው፤ በሙያችን ድራየር እንላቸዋለን።

የእጅ ሳሙና የሶዲየም ነው፣ ውሃ ይወዳል። በሶዲየሙ ቦታ ኮባልት ሲገባ ጠባዩ ይገለበጣል፤ ውሃን ሸሽቶ ነጭ ስፒሪት ውስጥ ይሟሟል፣ ሐምራዊ ያዘለ ሰማያዊ ፈሳሽ ይሆናል። ለዓይን የጠራ ነው። ሞለኪውሎቹ ግን ነጠላ ነጠላ ሆነው አይቀመጡም። የብረቱ ወገን ዘይት ስለማይስማማው ከጎረቤቱ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ፈሳሹ ይወፍራል። የአሉሚኒየም ሳሙናማ ከዚህም አልፎ ቤንዚንን ያረጋል። ሉዊስ ፊዘር እ.ኤ.አ. በ1942 ሃርቫርድ ውስጥ ናፓልምን የሠራው በዚሁ ጠባይ ነው፤ ይህን ኬሚስትሪ ለሚወድ ሰው ሁሌም የሚከብድ ታሪክ ነው።

ሰንሰለቱን ለመበተን ጥቂት ትርፍ አሲድ ወይም አልኮል ይበቃል፤ ብረቱን ከጎረቤቱ ይነጥለዋል፣ የወፈረው ይቀጥናል። ስለዚህ የድራየር በርሜል ሲገባ መለያው ላይ የተጻፈው የብረት መጠን ብቻ አያረካኝም። ውፍረቱን እለካለሁ፤ ጣሳ ውስጥ አቆይቼም ዝቃጭ መጣሉን አያለሁ።

ኮባልት የሚያደርቀው ላዩን ነው። ለሙጫው ክብደት ከመቶ 0.05 ገደማ ብረት ይበቃዋል። ቀለሙ ለመድረቅ ዘገየ ተብሎ ከዚህ በላይ ሲጨመርበት ላዩ ቶሎ ይዘጋል፣ ኦክስጅን ወደ ሥሩ መግባት ያቅተዋል፣ ቀለሙም ይጨማደዳል። ሥሩን ድሮ የሚያደርቀው እርሳስ ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳልና መወገዱ ተገቢ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ዛሬ ቦታውን ዚርኮኒየምና ካልሲየም ይዘዋል።

የካልሲየም ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የቀለሙ ዱቄት ላይ ቀድሞ በመለጠፍ ኮባልቱ እንዳይመጠጥ ይከላከላል። በተለይ ጥቁር ቀለም ላይ ወጪ ለመቆጠብ እሱን መቀነስ አልደግፍም። ጥቁሩን የሚሰጠው ጥቀርሻ ኮባልቱን ቀስ በቀስ ይመጠዋል፤ በተመረተ ማግስት በወጉ የደረቀው ቀለም መጋዘን ከርሞ ሲከፈት አልደርቅ ይላል። የእኔ ፈተና እንግዲህ ከእያንዳንዱ የጥቁር ምርት አንድ ጣሳ አስቀርቶ ከወራት በኋላ እንደገና መቀባት ነው።