የጽሑፍ ረዳት ስትመርጡ ሰንጠረዡ ብቻውን አይበቃም

ቻትጂፒቲን፣ ጀሚናይንና ክላውድን አወዳድሮ ደረጃ የሚሰጥ ሰንጠረዥ ሞልቷል። ችግሩ፣ አብዛኛው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ አንደኛ የወጣ ሁሉ ቴፒ ወይም ሸኮ ሆኖ በአማርኛ ለሚጽፍ ተማሪ አንደኛ ነው ማለት አይደለም።

ነገሩ ከፊደሉ ይጀምራል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይይዛል። «ቡና» በሁለት ፊደል 6 ባይት፣ የእንግሊዝኛው ቃልም በስድስት ፊደል 6 ባይት። እኩል ናቸው እንዴ? ለማከማቻው አዎ። ረዳቱ ግን ጽሑፍ የሚያነበው ቆራርጦ ነው። በሥልጠናው ደጋግሞ ያየውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ይወስዳል፤ ብዙም ያላየውን የአማርኛ ቃል ይሰባብረዋል። ክፍያው በቁርጥራጭ በሚቆጠርበት አገልግሎት ያው ሐሳብ በአማርኛ ይወደዳል ማለት ነው።

እስቲ ራሳችሁ ፈትኗቸው። «ገና» የሚለውን ቃል አንዴ ለበዓሉ፣ አንዴ «ገና አልደረሰም» ብላችሁ ስጧቸው። በዓሉ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ጽሑፋችን ይህን ስለማያሳይ ከዐውዱ መለየት አለባቸው። ቀጥሎ ስለ ቡና ለቀማ የምታውቁትን አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ «አሳጥሩልኝ» በሏቸው። ያልጻፋችሁትን ቁጥር የጨመረ ይውደቅ፣ አማርኛው ቢያምርም!

የሸኮ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አራት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፉ ግን እጅግ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ከመፈብረክ «አላውቅም» የሚል ረዳት ካገኛችሁ፣ እኔ ብሆን እሱን ነው የምይዘው።