የደባሎች ቤት፤ በሁለት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች ላይ የቀረበ ሐተታ

የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለምርመራ የሚበቃ ነገር አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ለሣቅ የተሠራውን ነገር እንደ ቅኔ ቃል በቃል መፍታት ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በምን እንደሚስቅ ማወቅ፣ በምን እንደሚጨነቅ ለማወቅ ይረዳል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ቤት በደባልነት ተከራይተው ስለሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠሩ ሁለት የእንግሊዝ ኮሜዲዎችን አነጻጽረን እንመለከታለን። የመጀመሪያው «ዘ ያንግ ዋንስ» ይባላል፤ በ1982 እና በ1984 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ቀረበ። ሁለተኛው «ፍሬሽ ሚት» ነው፤ ከ2011 እስከ 2016 በቻናል ፎር ታየ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ የቤቱን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብዛት የሚያድረው በግቢው ውስጥ በዶርም ነው፤ አልጋውን የሚደለድልለት፣ በሩን የሚጠብቅለት፣ ምግቡን የሚያበስልለት ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝ ግን ብዙው ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በተማሪ ማደሪያ ካሳለፈ በኋላ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በከተማው ውስጥ ቤት ይከራያል። ኪራዩን ያዋጣሉ፤ ሳህኑን ማን ይጠብ፣ ወተቱን ማን ጠጣው፣ የመብራቱን ማን ይክፈል እያሉም ይጣላሉ። ይህ ቤት ከወላጁ ቤት የወጣ፣ ወደ ራሱ ቤት ግን ገና ያልገባ ሰው ማረፊያ ነው። በፈቃዳቸው የማይቀራረቡትን ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አስሮ ስለሚያኖራቸው፣ ለኮሜዲ ደራሲ ከዚህ የተመቸ መድረክ አይገኝም።

«ዘ ያንግ ዋንስ»ን የጻፉት ቤን ኤልተን፣ ሪክ ሜያልና ሊዝ ሜየር ናቸው፤ ጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። በቤቱ አራት ወንዶች ይኖራሉ፤ ራሱን አብዮተኛና ባለቅኔ አድርጎ የሚቆጥረው ሪክ፣ ግንባሩን በብረት ያስጌጠው የሕክምና ተማሪ ቪቪያን፣ ምስር እየቀቀለ ሁሉን የሚያገለግልና በሁሉ የሚረገጠው ኒል፣ እንዲሁም አለቃ ነኝ ባዩ ማይክ። በዚህ ኮሜዲ ውስጥ ምንም ነገር ለዘለቄታው አይጎዳም። በመጀመሪያው ክፍል ማዘጋጃ ቤቱ ቤታቸውን ሊያፈርስ ሲነሣ አውሮፕላን ይወድቅበታል፤ በሚቀጥለው ክፍል አራቱ ሌላ ቤት ገብተው እንደ ወትሮው ሲጣሉ እናገኛቸዋለን። አይጦች ይናገራሉ፤ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ሰው ይደበደባል፤ ነገር ግን ማንም አይከስርም።

አንዳንዶች ይህን ተራ ሁካታ ይሉታል። እኛ ግን ሁካታው መሠረት አለው እንላለን። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍልለት የአካባቢው መስተዳድር ነበር፤ ከዚያም በላይ እንደ ወላጆቹ ገቢ እየታየ የማይመለስ የመኖሪያ ድጎማ ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ሪክ መንግሥትን ሲሰድብ የሚሰድበው በመንግሥት ገንዘብ ምስር እየበላ ነው። ቀልዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ደራሲዎቹ የመደብን ነገር ሳይነኩ አላለፉም፤ በአንደኛው ክፍል አራቱ ደባሎች በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ከባለጸጎች ልጆች ኮሌጅ ጋር ይጋጠማሉ፤ ከባለጸጎቹም ወገን ስቲቨን ፍራይ፣ ሂው ሎሪና ኤማ ቶምሰን ይገኙበታል። ይሁን እንጂ የሀብት ልዩነቱ ከቤቱ ውጭ ነው። በቤቱ ውስጥ አራቱም እኩል ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በ1990 የተማሪ ብድር መጣ፤ በ1998 ተማሪው በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 2010 ፓርላማው የክፍያውን ጣራ ከ2012 ጀምሮ ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ለማድረግ ድምፅ ሰጠ። «ፍሬሽ ሚት» የጀመረው በመስከረም 2011፣ በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው።

ይህን ኮሜዲ የፈጠሩት ጄሲ አርምስትሮንግና ሳም ቤይን ናቸው። ቦታው ማንቸስተር ነው። ስድስቱ ተማሪዎች፣ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ዘግይተው በማመልከታቸው ከማደሪያው ውጭ የቀሩ ናቸው። ከእነሱ ቀድሞ በቤቱ የተገኘው ስኮትላንዳዊው ሃዋርድ በመጀመሪያው ክፍል ሱሪውን አውልቆ በጸጉር ማድረቂያ የዳክዬ ሥጋ ሲያደርቅ ይታያል። እስከዚህ ድረስ የአሮጌው ኮሜዲ ዘመድ ይመስላል። ዳሩ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል፤ በዚህ ቤት ውስጥ የሀብት ልዩነት ገብቷል፤ እያንዳንዱም አመጣጡን ይደብቃል ወይም ያጋንናል።

ከሁሉ የምትጠቀሰው ኦሬገን ናት። እውነተኛ ስሟ ሜሊሳ ነው፤ የባለጸጋ ልጅ ናት፤ ፈረስም አላት። ከድኻዋ ከቮድ ጋር ለመወዳጀት ስትል ግን ስሟንም ፈረሷንም ትደብቃለች። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ የለበሰው በረከት ለመውሰድ ነበር፤ ኦሬገን የድኻ ልብስ የምትለብሰው ድኻ ያለውን አንድ ነገር፣ ማለትም እውነተኛ መስሎ መታየትን ለመውሰድ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ እሷ ግን መመለሻ እንዳላት ታውቃለች። ጄፒ በአንጻሩ ሀብቱን አይደብቅም፤ ይፎክርበታል፤ ሰው የሚያደርገው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የደረሰበት የአባቱ ሞት ነው።

ለክርክራችን ዋናው ማስረጃ የጆሲ ታሪክ ነው። ይህች የዌልስ ልጅ የጥርስ ሕክምና ትማራለች፤ አንድ ቀን ጠጥታ አድራ፣ ስካሩ ሳይለቃት ገብታ የበሽተኛውን ጉንጭ በመሰርሰሪያ ትበሳለች፤ ከትምህርቱም ትባረራለች። ቪቪያን እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ በሚቀጥለው ክፍል ሁሉ ነገር በተረሳ ነበር። የጆሲ ጥፋት ግን ከክፍል ወደ ክፍል ይከተላታል። ቮድም እንዲሁ፤ ለሁለት ዓመት ስትስቅበት የነበረው የገንዘብ ነገር በመጨረሻው ዓመት ዕዳ ሆኖ ደጇ ላይ ይቆማል። አንድ ዓይነት ስንፍና ሆኖ ሳለ፣ ኦሬገንን ያሳፍራታል፤ ቮድን ያሰጥማታል።

ጉድለቱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ግን ሐተታችን ሚዛን ያጣል። አራቱ ምዕራፎች ሦስቱን የትምህርት ዓመታት ሲሸፍኑ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ እንኳ በመጽሐፍ ተማርኮ ሲያመሽ ማየት ብርቅ ነው። መምህሩ ቶኒ ሼልስ ከተማሪው ከኦሬገን ጋር የያዘው ግንኙነትም ከሚገባው በላይ ለሣቅ ውሏል፤ ውጤት የሚሰጥ ሰውና ውጤት የሚጠብቅ ሰው እኩል ስላልሆኑ፣ ስለ ኃይል ልዩነት ይህን ያህል የሚያውቁ ደራሲዎች እዚህ ላይ ዐይናቸውን ባይጨፍኑ በወደድን ነበር። በሣቅ ብዛት ቢመዘን ደግሞ አሮጌው ኮሜዲ ይበልጣል።

የሆነ ሆኖ በእውነተኛነት «ፍሬሽ ሚት»ን እናስቀድማለን። ያለ ዋጋ መሳሳት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው፤ ሪክ ሞኝ ባለቅኔ መሆን የቻለው ሌላው ስለከፈለለት ነው። ዋጋው በተማሪው ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ሞኝነት እንኳ ባለጸጋ ብቻ የሚገዛው ዕቃ ይሆናል። ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የአገራችንም ተማሪ ሲመረቅ የሚከፍለው ድርሻ አለበትና። መጠኑና አከፋፈሉ ከእንግሊዙ እጅግ ይለያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ሁለቱ ኮሜዲዎች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ወጣቱ እስኪማር ድረስ ለስሕተቱ ማን ይክፈልለት የሚለውን ጥያቄ ያነሣሉ፤ ስለ ተማሪ ዕዳ የሚከራከሩም ሁሉ ከሒሳቡ በፊት ይህን ጥያቄ ቢመልሱ መልካም ነው እንላለን።